ለቅሶ ቤት ቀድሞ የደረሰ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሲጋጠሙ ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት ሁሉ፣ በኛ በሰሜን ጎንደር ዳባትም ሆነ ደባርቅ፣ መቆሚያ አልነበረውም። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። በዚያው ቀን ቦሌ አካባቢ አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት ሶማሊያውያን ሞቱ። ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ፈንጂ፣ የእጅ ቦምብ፣ ሽጉጥ፣ ከእነዚህም ጋር የብሔራዊ ቡድኑን መለያ አገኘ። መንግሥት እንዳስታወቀው ሰዎቹ የአልሸባብ ነበሩ፤ ዕቅዳቸውም ኳስ ተመልካቹ መሀል ገብተው ራሳቸውን ማፈንዳት ነበር። ፈንጂው ከቤት ሳይወጡ ቀደማቸው።

ከሁሉም ነገር እኔን የሚከነክነኝ መለያው ነው። ቦምብ የሚጠላውን ሰው ለመግደል ይያዛል። መለያ ለብሶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከማያውቀው ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ፣ አብሮ ጨፍሮ፣ ከዚያ ገመዱን መሳብ ማለት ነው። ያ ሰው የት ቆሞ እንደሚሞት አስቦበታል። ከማን ጋር እንደሚሞት ግን አልመረጠም፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ይበቃው ነበር።

ከዚያ በፊትም ነገሩ ደጃችን ደርሷል። ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ሐርጌሳ ላይ ፈንጂ የጫኑ መኪኖች በአንድ ጠዋት ሦስት ቦታ ሲፈነዱ አንዱ ዒላማ የኢትዮጵያ ቆንስላ ነበር። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ማታ ካምፓላ ውስጥ ሰው የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ሲያይ ሁለት ቦታ ላይ በደረሰ ፍንዳታ 74 ሰዎች ሞቱ፤ አንደኛው ቦታ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የሚባል የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ሶማሊያ ዘምተው ካልተመለሱት ወታደሮች መካከል የዚህ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ልጆችም አሉ። ስለዚህ አጥፍቶ ጠፊን የሚሠራው ምንድን ነው፣ ምልመላውስ ይቆማል ወይ ብሎ መጠየቅ ለኛ የሩቅ አገር ወሬ መከታተል አይደለም።

ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ እብደት ነው። ይህን መልስ ያጠኑት ሰዎች ከጣሉት ቆይተዋል። ቡድኖቹ ራሳቸው እብድ አይፈልጉም፤ ምስጢር የማይጠብቅ፣ ኬላ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሥራቸውን ያበላሽባቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ድህነት ነው። አላን ክሩገርና ዪትካ ማሌችኮቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የፍልስጤምንና የሊባኖስን ታጣቂዎች ከአገራቸው ሕዝብ ጋር አነጻጽረው ነበር፤ የባሰ ድሃም፣ ያነሰ የተማሩም ሆነው አላገኟቸውም። ለነገሩ ድህነት ብቻውን ሰውን ፈንጂ የሚያስታጥቅ ቢሆን ከወገራ ደጋ እስከ አፋር በረሃ ማን ይቀር ነበር?

ድህነት ገብቶ የሚሠራው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ናይጄሪያን እንመልከት። የአሜሪካው የዌስት ፖይንት የሽብር ጥናት ማዕከል ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር ባወጣው ዘገባ ቦኮ ሐራም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 አጋማሽ 434 አጥፍቶ ጠፊዎችን አሰማርቷል፤ ፆታቸው ከታወቀው 338ቱ ውስጥ 244ቱ ሴቶች ነበሩ። ዩኒሴፍ በ2017 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ 27 ሕፃናት ለዚህ መዋላቸውን ተናግሯል። ተጠልፋ፣ ተርባ፣ ተደብድባ ፈንጂ የታሰረላት ልጅ ተመለመለች አይባልም። ለምን ሄደች ብሎ ልቧን መመርመርም ከንቱ ነው፤ የሚመረመረው የላካት ነው። ብዙ ጽሑፎች እነዚህን ልጆች በፈቃዱ ከሚሄደው ጎልማሳ ጋር አንድ ላይ ስለሚቆጥሩ ድምዳሜያቸው ይወላገዳል።

በፈቃዱ የሚሄደውን በተመለከተ ብዙ ያከራከረው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ፔፕ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2003 የተፈጸሙ 315 ጥቃቶችን ሰብስቦ መረመረና የነገሩ ሥር ሃይማኖት ሳይሆን የባዕድ ጦር በአገር ላይ መስፈሩ ነው አለ። ዋና ማስረጃው የስሪላንካ ታሚል ነብሮች ናቸው፤ ሰማያዊ ዋጋ የማይሰብክ ዓለማዊ ድርጅት ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ «ጥቁር ነብሮች» የሚባል የአጥፍቶ ጠፊ ክፍል አቋቁመው ነበር። የሕንዱን ራጂቭ ጋንዲን በ1991 የገደለችውም የእነሱ ሴት ናት።

ይህ ሐሳብ እኛን በቀጥታ ይነካል፤ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሶማሊያ የገባው የኛ ጦር ነውና። አልሸባብ ከትንሽ ቡድንነት ወደ ትልቅ ጦር ያደገው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ከሃያ በላይ ሶማሌ ወጣቶች ሾልከው የሄዱትም በዚያው ሰሞን ነው። ከነሱ አንዱ ሸርዋ አሕመድ ይባላል፤ ሐርጌሳ በተመታበት ቀን ቦሳሶ ላይ ራሱን በማፈንዳት የመጀመሪያው አሜሪካዊ አጥፍቶ ጠፊ ሆኖ ተመዘገበ። በልጅነቱ አሜሪካ ገብቶ፣ እዚያው ተምሮ ያደገ ልጅ ነበር። ባይደዋ ላይ ግን የሶማሊያውን ፕሬዚዳንት የአብዱላሂ ዩሱፍን አጀብ የመታው መኪና የፈነዳው መስከረም 8 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ በይፋ ሳይጀመር። ጦራችን ጥር 2001 ዓ.ም. ጠቅልሎ ከወጣ በኋላስ ቆመ? በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት ታኅሣሥ ወር ሞቃዲሾ ሻሞ ሆቴል ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ሲመረቁ አንድ ከዴንማርክ የመጣ ሶማሌ ራሱን አፈነዳ። ተመራቂዎችን፣ መምህራንን፣ ሚኒስትሮችን ገደለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የባዕድ ጦር አልነበረም፤ የነበረው አገሪቱ ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘቻቸው ሐኪሞች ናቸው። ፔፕ እሳቱ እንዴት እንደሚነሣ ጥሩ አድርጎ ይነግረናል፤ ከተነሣ በኋላ ለምን በራሱ ቤት ላይ እንደሚዞር ግን አይነግረንም።

ሃይማኖቱስ? የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ትልቅ ጥናት የአልሸባብ፣ የቦኮ ሐራምና የመሰሎቻቸው አባላት የነበሩ በርካታ አፍሪካውያንን አነጋግሮ ነበር። 57 በመቶዎቹ የሃይማኖታቸውን መጻሕፍት በቅጡ እንደማያውቁ ወይም ጨርሶ እንደማያውቁ ተናገሩ። ቢያንስ ስድስት ዓመት የሃይማኖት ትምህርት የተከታተለ ሰው እንዲያውም የመቀላቀል ዕድሉ ይቀንሳል። ይህ ማለት ሃይማኖት ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ራስን ማጥፋት በእስልምና የተከለከለ ነው፤ በኛም ቤተ ክርስቲያን ራሱን የገደለ ፍትሐት አይደረግለትም። ስለዚህ መልማዩ ይህን አጥር የሚያሻግር ሰባኪ ያስፈልገዋል። ሰባኪው የሚመጣው ግን ልጁ ልቡ ከሸፈተ በኋላ ነው።

ያ ጥናት ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው በሌላ ቁጥር ነው። በፈቃዳቸው ከተቀላቀሉት 71 በመቶው፣ ቁርጥ ውሳኔ ላይ ያደረሳቸው መንግሥት ያደረገው ነገር መሆኑን ተናገሩ፤ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል፣ የዘመድ ወይም የጓደኛ መታሰር። የተጠየቁት ታጣቂ ቡድን ውስጥ የገቡ ሁሉ እንጂ ፈንጂ የታጠቁት ብቻ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ሆኖም ከሞቃዲሾ የመጣ አንድ ነገር ወደዚያው ያመለክታል። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ከተማዋ መሀል አንድ የጭነት መኪና ፈንድቶ 587 ሰው ገደለ። የሶማሊያ መርማሪዎች በጊዜው ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት መኪናውን የነዳው ከባሪሬ የመጣ የቀድሞ ወታደር ነው። ባሪሬ ከዚያ በፊት ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሶማሊያና የአሜሪካ ወታደሮች ገብተው 10 ሰላማዊ ሰዎችን፣ ሕፃናት ጭምር፣ የገደሉባት የገበሬ መንደር ናት።

ይህን የሚያነብ የዳባት ሰው የሚያውቀው ነገር ትዝ ይለዋል። ደም።

በወገራና በስሜን ሰው ሲገደል ለቅሶው የሐዘን ቦታ ብቻ አይደለም። አልቃሿ ሟቹን አወድሳ ስታበቃ ወደ ወንድሙ ትዞራለች። ስሙን አትጠራም። የተነካው እሱ መሆኑን ግን እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ መዋሉ፣ ገዳይ በሰላም ገበያ መውጣቱ በግጥም ይነገረዋል። እናትየዋ ማቋን አላወልቅም ትላለች። ከግድያው በኋላ ወንድ ልጅ ከተወለደ ደመላሽ ተብሎ ስም ይወጣለታል፤ አድጎ የሚሠራው ሥራ ገና አራስ ቤት ሳለ ተሰጠው ማለት ነው። ወንድምየው ጠላ ቤት ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ማንም ሂድና ግደል አላለውም። አልሄድም ካለ ግን እዚያ መንደር ሰው ሆኖ መኖር አይችልም።

በዚህ ሁሉ መሀል ወንድምየውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ደም የጠማው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ሊያርስ፣ ሊያገባ የሚፈልግ ልጅ ነው። የሚያንገበግበው አጎት አለ፤ ራሱ ግን አይሄድም። የእስራኤሉ የሥነ ልቦና ሊቅ አሪኤል መራሪ እስር ቤት ያገኛቸውን 15 ሊፈነዱ ሲሉ የተያዙ ፍልስጤማውያን መርምሮ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የድብርት ምልክት አየ፤ ብዙዎቹ ለሌላው ሐሳብ ቶሎ የሚሸነፉ ልጆች ነበሩ። ጥቃቱን ያቀናበሩት ሰዎች ደግሞ በመንፈስ ጥንካሬ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። አጎትየውን አስታወሰኝ።

አዳም ላንክፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዚህ ተነሥቶ አጥፍቶ ጠፊ ማለት ቀድሞውኑ መሞት የፈለገ፣ ለሞቱ የሚያምር ምክንያት የተሰጠው ሰው ነው እስከ ማለት ደርሷል። ይህ አልተዋጠልኝም። ተመራማሪው ስኮት አትራን ስለ ፍልስጤሟ ኬብሮን ልጆች የጻፈው ብቻውን ይህን ድምዳሜ ያናጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሐማስ ተከታትለው የፈነዱት ልጆች የአንድ ሰፈር የኳስ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። አንድ ቡድን ሙሉ ድብርት ይዞት አያውቅም። ሌላው ተመራማሪ ማርክ ሴጅማንም የአልቃይዳ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሰብስቦ ሲያይ አብዛኞቹን ያስገባቸው ጓደኛ ወይም ዘመድ ሆኖ አግኝቶታል። ወንድሙ ከሄደ፣ አብሮ አደጉ ከሄደ፣ እሱ ለምን ይቀራል? ድብርት ያለበት ልጅ መልማዩን ሥራ ያቀልለት ይሆናል፤ የሚያስኬደው ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለኛ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ደም መላሽና አጥፍቶ ጠፊ ታዲያ ምን ይለያቸዋል? ደም መላሽ መኖር ይፈልጋል። ገድሎ ቆላ ይወርዳል፣ ይሸፍታል፣ ዘመድ ስንቅ ያቀብለዋል፣ ሙገሳውን በጆሮው ይሰማል። የሚገድለውንም ያውቀዋል፤ ባለደሙ ስምና አባት ያለው ወንድ ነው። ሴትና ሕፃን የገደለ ደም መለሰ አይባልም፤ ነውረኛ ነው። ቦሌ የተገኘው መለያ በዚህ ሚዛን ላይ ምንም ቦታ የለውም። የመልማዩ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁን መጥላት አያስተምረውም፤ ጥላቻው ቀድሞ አለ። የሚያደርገው፣ ስም ከነበረው ገዳይ ላይ ቁጣውን አንሥቶ ስም የሌለው ሕዝብ ላይ መጣል ነው። ወንድምህን የገደለው ያ ወታደር ብቻ አይደለም፣ ግብር የሚከፍልለት ሁሉ ነው፣ ኳሱን የሚያይለት ሁሉ ነው ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር ከአገር አገር ብዙ አይለያይም። ልጁ ከቤተሰቡ ይነጠላል። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚያድር ሰው ይመደብለታል። ኑዛዜውን በቪዲዮ ይቀርጹታል። ይህ ቪዲዮ ለሕዝብ ቅስቀሳ ብቻ የሚውል ይመስላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ልጁ እንዳይመለስ ማድረጉ ነው። ካሜራ ፊት ሰማዕት ነኝ ብሎ የተናገረ ሰው በማግሥቱ ፈራሁ ብሎ እናቱ ቤት አይገባም።

እኛም ብንሆን መርጦ መሞትን የምናከብር ሕዝብ ነን። ከዚህ ተራራ ወገን ደረስጌ ማርያም ላይ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ እስከ ዛሬ የሚፎከረው በዚያች ጥይት ነው። ከአራት ቀን ቀደም ብሎ ያገራቸውን ሰው እስረኞች ገደል የሰደዱበትን ቀን የሚያነሣ ፎካሪ አላጋጠመኝም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶምም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ለሞት ቆርጠው ነበር እንላለን። እውነቱ ግን ስምዖን አደፍርስ መኪና አዘጋጅቶ አሸሽቷቸዋል፤ ሊኖሩና ሊዋጉ ነበር ሐሳባቸው። ዒላማቸውም የወራሪው ጦር አዛዥ ነው። ኅዳር 2004 ዓ.ም. ዳውሮ ውስጥ ራሱን ያቃጠለው መምህር የኔሰው ገብሬ በበኩሉ በደልን ሲቃወም ከራሱ በቀር ማንንም አልነካም። እነዚህን ሞቶች ከአጥፍቶ ጠፊ ጋር መቀላቀል ግፍ ነው። ሆኖም ለልጆቻችን ጀግንነትን ስናስተምር ሞቱን አድምቀን ማንን ገደለ የሚለውን ካደበዘዝነው፣ ለመልማይ ግማሹን ሥራ ሠርተንለታል።

እሺ፣ ይቆማል ወይ?

በጉልበት የቆመበት አገር አለ። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2009 ታሚል ነብሮችን ከነመሪያቸው ደመሰሰች፤ የነሱ አጥፍቶ ጠፊም አብሮ ጠፋ። ዋጋው በመጨረሻዎቹ ወራት ባሕር ዳርቻ ላይ የረገፈ እጅግ ብዙ ሲቪል ሕዝብ ነው። ይህን መንገድ እንደ ምሳሌ የሚጠቅስ ባለሥልጣን ባየሁ ቁጥር፣ ነብሮቹ የተቀጠቀጡት ግዛት ይዘው፣ መለዮ ለብሰው ስለቆሙ መሆኑን የዘነጋ ይመስለኛል። ሰፈር ውስጥ የተሸሸገን መረብ እንዲህ ማጥፋት አይቻልም። ስለላውና ፍተሻው ያስፈልጋሉ፤ ፈንጂ ያስይዛሉ። የሚሄደውን ሰው ቁጥር ግን አይቀንሱም።

ፈትዋስ? መስከረም 2006 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ 160 ያህል የሶማሊያ ዑለማዎች ተሰብስበው አልሸባብ በእስልምና ቦታ እንደሌለው በየኑ። ለወላጆችና ለገና ወላዋዮች ጠቅሟል፤ ኑዛዜውን የቀረጸውን ልጅ ግን አይመልሰውም። ከፈትዋ ይልቅ ሰውን የሚያዞረው ራሱ ግድያው ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2005 ዐማን ውስጥ ሆቴሎች ሲመቱ ሰርግ ላይ የነበሩ ዮርዳኖሳውያን አለቁ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እንዳገኘው እንዲህ ያለውን ጥቃት ተገቢ ነው የሚሉ ዮርዳኖሳውያን በ2005 57 በመቶ ነበሩ፤ በዓመቱ 29 በመቶ ሆኑ። የሞቃዲሾው የጭነት መኪና በፈነዳ ጊዜም ሕዝቡ ቀይ ሻሽ አስሮ አደባባይ ወጣ፤ አልሸባብ እስከ ዛሬ እኔ ነኝ አላለም። አመስጋኝ ያጣ ድርጅት ይሸማቀቃል።

የመመለሻ በር መክፈትም ተሞክሯል። ሶማሊያ እጁን ለሰጠ ተዋጊ ማቆያና ሥልጠና አዘጋጅታለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በልዑል ሙሐመድ ቢን ናይፍ የሚመራ ትልቅ የማቋቋሚያ ሥራ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 አንድ ልጅ እጄን ልሰጥ ነው ብሎ ልዑሉ ዘንድ ቀርቦ ራሱን አፈነዳ። ልዑሉ በጥቂት ጉዳት ተረፉ፤ ፕሮግራሙም አልተዘጋም። ይህን ውሳኔ አደንቃለሁ። በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ደግሞ ፖሊስ ወደ ሶሪያ የሚሄዱትን ልጆች ከማሰር ይልቅ ቤተሰባቸውን ጠርቶ፣ መስጊዱ ድረስ ሄዶ፣ ለየልጁ የሚያማክረው ትልቅ ሰው መደበ። እ.ኤ.አ. በ2013 30 ገደማ ልጆች ሄደው ነበር፤ በ2014 1 ብቻ። ኦርሁስ ሀብታም ከተማ ናት፤ ያን ሁሉ መካሪ ለመቅጠር ገንዘብ አላት። ነገር ግን ያደረገችው ነገር እዚህ ሽማግሌ ያለ ደመወዝ የሚያደርገው ነው።

የዳባቱ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ ላንሣ። ግድያ ሲሰማ ቀን አይቆጥርም። መስቀል ከያዘ ቄስ ጋር የሟች ቤት ደጅ ይቆማል። መጀመሪያ ቀን ሰላምታውን የሚቀበለው የለም። ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል። ገና ካሳ አያነሣም፤ የሚለምነው ቀን ነው። እስከ ተዝካሩ ታገሡኝ፣ እስከ ፋሲካ ታገሡኝ። በመሀሉ የገዳይ ወገን ከገበያና ከመንገድ እንዲርቅ ያደርጋል። ነገሩ ሲበርድ ገዳይ ወይም ዘመዱ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፤ አንዳንዴም ልጅ ለልጅ ይጋባሉ። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ልጁን ነፃ የሚያወጣው ለይሉኝታው መውጫ ስለሚሰጠው ነው። አልፈራሁም፣ ሽማግሌ ያዘኝ ማለት ይችላል።

መልማይም የሚሄደው ወደዚያው ቤት ነው። እሱም ለቅሶ ይደርሳል፣ እሱም ገንዘብ ይሰጣል፣ እሱም ያጽናናል። ልዩነቱ ማን ቀደመ ነው።

የመንግሥታት ስሕተት እዚህ ላይ ይጎላል፤ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱት ሊያስሩ ነውና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር ዐዋጅ ቁጥር 652 ጋዜጠኛውን፣ ጦማሪውንና ፖለቲከኛውን ወኅኒ አውርዷል። በዚሁ ሕግ ሐምሌ 2004 ዓ.ም. የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ሰዎቹ በየአርብ ለሚሰበሰበው ወጣት ድንጋይ አታንሣ የሚሉ ነበሩ። በቁጣ ከሞላ ወጣት መሀል የሚታመነውን አስታራቂ መርጦ ማሰር፣ መልማይ ቢለምን የማያገኘው ውለታ ነው። ያ ወጣት ወደ አልሸባብ ሳይጎርፍ መቅረቱ የመሪዎቹና የወላጆቹ ጨዋነት እንጂ የሕጉ ሥራ አይመስለኝም። ሕጉ በ2012 ዓ.ም. በቁጥር 1176 ተተክቷል።

አሁን ያለንበትን ሳላነሣ ባልፍ ዳሰሳው ጎደሎ ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ዳባት ወረዳ ጭና ገብተው በወጡበት ጊዜ ሂዩማን ራይትስ ዎች 26 ሲቪሎች መረሸናቸውን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት የሞቱትን ከመቶ በላይ አድርሰዋቸዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተጠቅተው ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አጥፍቶ መጥፋት የውጊያ ስልት ሆኖ አልታየም። ምክንያቱ የኛ ደም የተለየ መሆኑ አይደለም፤ እስካሁን ቁጣው ፊትና ስም ያለው ባለደም አለው፣ ሸፍቶ መኖርም ይቻላል። መሸሻ ሲጠፋ፣ ገዳዩም ከሰማይ የሚመጣና ፊቱ የማይታይ ሲሆን ነገሩ እንዲሁ ይቀጥላል ብሎ መተማመን ግን የዋህነት ነው። ባሪሬም የገበሬ መንደር ናት።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ባህላዊ ሽምግልናን እንደ አንድ መንገድ ተቀብሏል። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለት ወገን ሲቀርብለት ነው። የጭናን ሟቾች ቤተሰብ፣ የጎንደርን ሟቾች ቤተሰብ፣ በድሮን ልጁን ያጣውን አባት የትኛው ባለደም ፊት ያስቀምጣቸዋል? ገድያለሁ ብሎ ድንጋይ የሚሸከም አዛዥ፣ የእኔ ወታደር ነው ብሎ ካሳ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት መኖር አለበት። ያን ማቅረብ የሚችሉት ጦሮቹን ያዘዙት ናቸው፤ ጊዜውም ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሌላ ለቀስተኛ ሳይመጣ ነው።